የሰማዩን ቀለም ማን ቀባው?

በአማርኛ «ቀይ ሰው» ስንል የምናወራው ስለ ቀይ ነገር አይደለም። በርበሬ ቀይ ነው፤ ደም ቀይ ነው፤ «ቀይዋ ልጅ» የምንላት ግን በርበሬንም ደምንም አትመስልም። ጠይም፣ ቀይ ዳማ፣ ጥቁር እያልን የሰውን መልክ ስንደለድል ማንም ማንንም አያታልልም፤ ተናጋሪውም ሰሚውም የቃሉን ልክ ያውቁታልና። ቋንቋውን ገና የሚማር የውጭ አገር ሰው ግን «ቀይ ናት» ተብሎ የተነገረውን ልጅ አውቶቡስ ተራ ቆሞ ቢጠብቅ፣ አጠገቡ ቆማ እንኳ ሳያውቃት ይመሽበታል። ውሸት ተነግሮት አይደለም፤ ውሉን ስላልነገሩት ነው።

ይህን ያነሳሁት ስለ ሰው መልክ ልጽፍ ብዬ አይደለም፤ ምንም እንኳ ኋላ ወደዚያው መመለሴ ባይቀርም። ነገሬ ስለ ሰማይ ነው። በመጽሔት ሽፋን፣ በቀን መቁጠሪያ፣ በየስልካችን መስኮት ላይ ዘወትር የምናያቸው እነዚያ ቀይ፣ ወርቅማና ሰማያዊ የሰማይ ደመናዎች፣ እንደ ጥልፍ ቀሚስ ያሸበረቁ ጋላክሲዎች፣ ለመሆኑ ቀለማቸው የራሳቸው ነው ወይስ የተቀባ? ተቀብቶ ከሆነስ፣ ያንን ሥዕል «የሰማይ ፎቶግራፍ» ብሎ ለሰው ማሳየት ማታለል ነው ወይስ አይደለም?

ጥያቄውን ያመጣብኝ አንድ ወዳጄ ነው። በሙያው ሌላ ሥራ የሚሠራ፣ ትርፍ ጊዜውንና ትርፍ ገንዘቡን (ትርፍ ያልሆነውንም ጭምር) ለሰማይ ፎቶግራፍ የሰጠ ሰው ነው። ካሜራውን፣ አነስተኛ ቴሌስኮፑን፣ ባትሪውንና ምድር ስትዞር ከዋክብቱን እየተከተለ የሚዞረውን ማቆሚያ ጭኖ በየጊዜው ወደ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ለምን ያን ያህል መንገድ ትሄዳለህ ቢሉት መልሱ አጭር ነው፤ ለጨለማ። እንጦጦ ላይ በ3,200 ሜትር ከፍታ የቆሙት ባለ አንድ ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች እንኳ ከሥራቸው የተዘረጋው የአዲስ አበባ መብራት የሚያስቸግራቸው ከሆነ፣ በረንዳ ላይ ቆሞ ኮከብ ለማንሳት የሚሞክር የከተማ ሰው ምን ተስፋ አለው?

መንገዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነስተው፣ ጣርማ በርን በዋሻው አልፈው፣ ደብረ ሲናን ተሰናብተው ሲወርዱ ጋቢው አንድ በአንድ ከትከሻ ይነሳል። ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ አዲስ አበባ ከ220 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ኋላ ቀርታለች፤ ከፍታውም ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ወርዷል። ማሽላው፣ ማሾው፣ ሽንኩርቱ፣ ሙቀቱ ሁሉ የሌላ አገር ይመስላል። ከከተማይቱ መብራት ጥቂት ወጣ ብለው የይፋት ቆላ ሜዳ ላይ የቆሙ እንደሆነ ደግሞ ሌላ ጸጋ አለ። ስፍራው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ላይ ስለሚገኝ የሰሜኑ ኮከብ ከአድማስ ጥቂት ከፍ ብሎ ይታያል፤ በወቅቱ ደግሞ የደቡቡ መስቀል በተቃራኒው በኩል ይወጣል። አውሮፓዊው የሰማይ ፎቶ አንሺ የደቡቡን መስቀል ለማየት አውሮፕላን ይሳፈራል፤ አውስትራሊያዊው የሰሜኑን ኮከብ አያየውም። የሮቢቱ ማሽላ ጠባቂ ሁለቱንም ከማማው ሳይወርድ ያያል።

አሁን ወደ ቀለሙ ልምጣ። የወዳጄ ካሜራ ቀለም አያውቅም። ጥቁርና ነጭ ብቻ የሚያነሳ፣ የብርሃንን ብዛት እንጂ ዓይነቱን የማይለይ መሣሪያ ነው። ቀለም የሚመጣው ከፊቱ በሚደረጉት ማጣሪያዎች ነው። አንድ ጊዜ በቀይ፣ አንድ ጊዜ በአረንጓዴ፣ አንድ ጊዜ በሰማያዊ ማጣሪያ ያነሳና ሦስቱን በኮምፒውተር ያዋህዳቸዋል። እስከዚህ ድረስ ዓይናችንም የሚሠራው ከዚህ ብዙ የራቀ ስላልሆነ የሚያከራክር ነገር የለም። ክርክሩ የሚነሳው ስስ በሚባሉት ማጣሪያዎች ነው። እነዚህ ከአንድ ንጥረ ነገር የሚወጣውን አንዲት ቀጭን የብርሃን መስመር ብቻ የሚያሳልፉ ናቸው፤ የሃይድሮጅንን በ656 ናኖ ሜትር፣ የኦክስጅንን በ501፣ የድኝን (የሰልፈርን) በ672 ገደማ። ሃይድሮጅኑም ድኙም ለዓይን ቀይ ናቸው። ሁለቱም በራሳቸው ቀለም ቢታተሙ አንድ ቀይ ጨርቅ ሆነው ይቀራሉ፤ የትኛው ጋዝ የት እንዳለ አይለይም። ስለዚህ ድኙን ቀይ፣ ሃይድሮጅኑን አረንጓዴ፣ ኦክስጅኑን ሰማያዊ ያደርጓቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 በሐብል ቴሌስኮፕ የተነሳውና «የፍጥረት ዓምዶች» ተብሎ ዓለምን ያዳረሰው ሥዕል የተሠራው በዚህ ዓይነት ነው። በዚያ ሥዕል ላይ አረንጓዴ የተሰጠው ሃይድሮጅን በእውነቱ ቀይ ነው። እንግዲህ ዋሽተውናል እንበል?

አንድ ኅዳር ወር ከወዳጄ ጋር አብሬ ወርጄ ነበር። ካሜራው ሥራውን በሚሠራበት ሰዓት ሰው የሚሠራው ነገር ስለሌለ፣ ማሽላቸውን ከከርከሮ ሊጠብቁ ከመጡ አንድ ሽማግሌ ጋር ወግ ጀመርን። በስልኬ ላይ የኦሪዮንን ኔቡላ ሥዕል አሳየኋቸው፤ እንደ ጽጌረዳ የፈካ፣ ቀይና ሐምራዊ የሆነ። ከዚያ በጣቴ ሰማዩን አመለከትኳቸው፤ ከሦስቱ ተሰላፊ ከዋክብት ዝቅ ብሎ ያለውን ደብዛዛ ነጥብ። ሥዕሉን አዩ፤ ሰማዩን አዩ፤ እንደገና ሥዕሉን አዩ።

«ያ ነው ይኼ?»

«አዎ አባቴ፣ እሱው ነው።»

«ልጄ፣ እኔ ይኼን ኮከብ ከልጅነቴ ጀምሬ አውቀዋለሁ። እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ማን ቀባው?»

ወዳጄ ሳቀ። እኔ ግን ጥያቄያቸው ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ምክንያቱም ሰውየው ያሉት ነገር ትክክል ነበረ። የተለመደው መልስ «ቴሌስኮፑ ቀረብ አድርጎት ነው፤ እርስዎም ቢቀርቡት እንዲህ ያዩት ነበር» የሚለው ነው። ይህ መልስ ግን ሐሰት ነው። እንደ ደመና የተዘረጋ ብርሃን ሲቀርቡት ይሰፋል እንጂ አይደምቅም፤ እያንዳንዷ ስንዝሩ የምትልከው ብርሃን ያው ነው። በመንኮራኩር ተጭነን ኦሪዮን ኔቡላ አጠገብ ብንደርስ ሰማዩን ያለበሰ ግራጫ ጭጋግ እናይ ይሆናል፤ ያችን ጽጌረዳ ግን አናያትም። በዓይናችን ውስጥ ቀለም የሚለዩት ሕዋሳት ብዙ ብርሃን ይፈልጋሉ። በጨለማ የሚሠሩት ሌሎቹ ደግሞ ቀለም አይለዩም። «ሌሊት ሁሉም ድመት ጥቁር ነው» እንደሚባለው ነው ነገሩ።

ከዚህ ተነስቶ «ስለዚህ እውነተኛው ቀለም ዓይን የሚያየው ግራጫ ነው፤ ሌላው ሁሉ ቅብ ነው» የሚል ሰው አለ። በበኩሌ አልስማማም። ዓይንም መሣሪያ ነው፤ ያውም ለሰማይ ያልተሠራ፤ ፍሬ የበሰለ መሆኑንና እንጀራ የሻገተ መሆኑን እንዲለይ የተሰጠን። እ.ኤ.አ. በ1864 እንግሊዛዊው ዊልያም ሐጊንስ የአንድን ኔቡላ ብርሃን በመነጽረ ኅብር ሲመረምር ማንም የማያውቃቸው አረንጓዴ መስመሮች አገኘ። ሳይንቲስቶች በምድር ላይ የሌለ አዲስ ንጥረ ነገር ተገኘ ብለው «ኔቡሊየም» የሚል ስም እስከ ማውጣት ደረሱ። እ.ኤ.አ. በ1927 አሜሪካዊው አይራ ቦወን ነገሩን ሲፈታው ያ እንግዳ ነገር ዘወትር የምንተነፍሰው ኦክስጅን ሆኖ ተገኘ፤ በምድር ላይ በማይገኝ እጅግ በሳሳ ጋዝ ውስጥ በሌላ ዓይነት የሚያበራ። ያ አረንጓዴ መስመር ማንም ሳያየው በፊትም ነበረ። ማሽላ ጠባቂው ያላዩት ስለሌለ አይደለም።

እዚያው ይፋት ውስጥ ከዚህ ሁሉ የጠለቀ የቀለም ጥያቄ ለዘመናት ሲጠየቅ ኖሯል። ይፋት ከ13ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ የሙስሊም ሱልጣኔት መናገሻ የነበረ አገር ነው፤ የመስጊዶቹና የከተሞቹ ፍርስራሽ ዛሬም በየተራራው ትከሻ ላይ ይታያል። ጾመኛው መብላት የሚያቆመው ነጩ ክር ከጥቁሩ ክር ሲለይ ነው፤ ማለትም ንጋት ሲቀድ። ነገር ግን ከእውነተኛው ንጋት በፊት በምሥራቅ እንደ ዓምድ ሽቅብ የሚቆም ፈዛዛ ነጭ ብርሃን አለ፤ ሊቃውንቱ «ፈጅር አል-ካዚብ»፣ ሐሰተኛው ንጋት ይሉታል። የሥነ ፈለክ ሰዎች ደግሞ በፕላኔቶች መካከል በተበተነ አቧራ ላይ የሚያርፍ የፀሐይ ብርሃን ነው ይላሉ። ስሙ «ሐሰተኛ» ይባል እንጂ ብርሃኑ እውነተኛ ብርሃን ነው። ሐሰተኛ የሚሆነው ንጋት ነው ብሎ ለተረዳው ሰው ነው። ስለዚህ ሊቃውንቱ ያደረጉት ብርሃኑን መካድ ሳይሆን መለያውን ማስተማር ነበር፤ ሽቅብ የሚቆመው ያ ነው፣ በአድማስ ወደ ጎን የሚዘረጋው ይኼ ነው ብለው።

እኔም የሐብልን አረንጓዴ ሃይድሮጅን የማየው እንደዚሁ ነው። ቁልፉ ከሥዕሉ ጋር ከተሰጠ ማንም አልተታለለም፤ ካርታ ላይ ደጋው ቡናማ፣ ቆላው አረንጓዴ ሆኖ ስናይ ሸዋ ሮቢት ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ናት ብለን አንሄድም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ጻድቁን በሁለት ዓይን፣ ኃጥኡን በጎን በአንድ ዓይን ሲሥሉ ምእመኑ «ይህ ሰው አንድ ዓይና ነበር» አይልም። ቁልፉ ተቆርጦ ሲቀርስ? ሥዕሉ ከሳይንቲስቱ እጅ ወጥቶ፣ መግለጫው ተጥሎ፣ በመጽሔት ሽፋን ላይ «ሰማይ እንዲህ ያምራል» ተብሎ ሲወጣስ? እዚህ ላይ ጥፋተኛው ቀለም የቀባው ሳይሆን መግለጫውን የቆረጠው ይመስለኛል። ይህ ደግሞ የእኛ የጋዜጠኞቹ ሥራ ነው።

ይሁንና ወዳጄንም በነጻ ልለቀው አልፈልግም። ከስስ ማጣሪያዎቹ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ የሚያደርጋቸው ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። ጥሬው ሥዕል ሲከፈት ጥቁር ነው ማለት ይቻላል፤ ብርሃኑ ሁሉ በጨለማው ግርጌ ተሸጉጧል። እሱን ዘርግቶ ማውጣት ግድ ነው። ቀጥሎ ነጭ የቱ እንደሆነ መወሰን አለበት፤ ሌላው ቀለም ሁሉ ከዚያ ይለካልና። ብዙዎች ፀሐይን የመሰለ ኮከብ ፈልገው «ነጭ ማለት ይኼ ነው» ይላሉ። ይህ ውሳኔ እንዲሁ ቀላል እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2002 መጀመሪያ ላይ ካርል ግሌዝብሩክና አይቫን ቦልድሪ የተባሉ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ከ200 ሺህ በላይ ጋላክሲዎችን ብርሃን ደምረው የዓለማት አማካይ ቀለም ፈዛዛ አረንጓዴ ሰማያዊ ነው ብለው አስታወቁ። ዜናው ዓለምን ዞረ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ግን የተጠቀሙበት ፕሮግራም ነጩን መነሻ በስሕተት እንደያዘ ታወቀና አረሙት፤ ትክክለኛው ቀለም ወተት የበዛበት ቡና ዓይነት ሆነ። ስሙንም በቡናው አወጡለት። የመላው ዓለማት ቀለም የተለወጠው በአንድ ነጭ ነጥብ ነው።

ከነጩ በኋላ ማድመቅ አለ፤ ሰማያዊው ይበልጥ ሰማያዊ፣ ቀዩ ይበልጥ ቀይ እንዲሆን። አረንጓዴን መጥረግም አለ። አረንጓዴ ኮከብ ለዓይን አይታይም፤ ስለዚህ በሥዕሉ ላይ የተበተነ አረንጓዴ ካሜራው የፈጠረው ጉድፍ ነው ተብሎ በአንድ ቁልፍ ይጠረጋል። ነገር ግን ሐጊንስ ያየው ኦክስጅን አረንጓዴ ነበር እኮ! መጥረጊያው ጉድፍንና እውነትን አይለይም። ወዳጄን ይህን ስጠይቀው «አረንጓዴ ሰው አይወድም» አለኝ። ይህ መልስ ከሥዕሎቹ ሁሉ በላይ አሳሰበኝ። ድኝን ቀይ፣ ሃይድሮጅንን አረንጓዴ ያደረገው ሰው ደንብ ነበረው፤ ደንቡንም ጽፎታል፤ የፈለገ ሁሉ ወደ ኋላ ሊፈታው ይችላል። «ሰው አይወድም» ግን ደንብ አይደለም።

የድሮ ፎቶ ቤቶቻችን በጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ከንፈር በቀይ፣ ጥለቱን በአረንጓዴና በቢጫ ይቀቡ ነበር። ሙሽራዋም ዘመዷም መቀባቱን ያውቃሉ፤ ቀለሙ የደስታው አካል ነው። በጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ሳለን ከተወያየንባቸው ነገሮች አንዱ ግን ከዚህ የተለየ ነበር። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1994 «ታይም» መጽሔት የኦ. ጄ. ሲምፕሰንን የፖሊስ ፎቶ አጥቁሮ በሽፋኑ አወጣ። በዚያው ሳምንት «ኒውስዊክ» ያንኑ ፎቶ ሳይነካ ስላወጣው ሁለቱ በየመደብሩ ጎን ለጎን ቆመው ተገኙ። ማንም ሰው ከሁለቱ የቱ እንደተነካ ለማወቅ ባለሙያ መሆን አላስፈለገውም። ሽፋኑን የሠራው ሠዓሊ የሰውየውን መልክ አልለወጥኩም፤ ድባብ ነው የጨመርኩት ሊል ይችላል። ለፍርድ በቀረበ ጥቁር ሰው ፊት ላይ ጥቁረት መጨመር ግን ምን ዓይነት ድባብ እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ስለ ሰው መልክ እመለሳለሁ ያልኩት ለዚህ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ምሽት ከሮቢት ሜዳ ወደ ሰሜን ቀና ቢሉ አንድ ቤተሰብ ተሰብስቦ ይታያል፤ ግሪኮች የኢትዮጵያ ንጉሥ ያሉት ሴፊየስ፣ ንግሥቲቱ ካሲዮፒያ፣ ልጃቸው አንድሮሜዳ። (የግሪኮች «ኢትዮጵያ» ከዛሬው ካርታችን ጋር አንድ እንዳልሆነ ይታወቃል፤ ከግብጽ በታች ያለውን የጥቁር ሕዝብ አገር ሁሉ ይሉበት ነበር።) ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ በአንድ ሥራው አንድሮሜዳን በአገሯ ቀለም የጠቆረች ይላታል፤ በሌላው ደግሞ የእብነ በረድ ሐውልት መስላ ታየች ይላል። የአውሮፓ ሠዓሊዎች የመረጡት እብነ በረዱን ነው። ቲሺያን በ16ኛው፣ ሬምብራንት በ17ኛው መቶ ዘመን የሣሏት አንድሮሜዳ ነጭ ናት።

ከዚያ እጅግ በፊት፣ በ3ኛው ወይም በ4ኛው መቶ ዘመን ሄሊዮዶሮስ የተባለ ጸሐፊ «ኢትዮጲካ» በተባለው ልቦለዱ ከዚህ የባሰ ነገር ጽፏል። የመርዌ ንግሥት በፀነሰችበት ሰዓት ዓይኗ በአንድሮሜዳ ሥዕል ላይ ያርፋል፤ ሥዕሉም ነጭ ነበርና ከጥቁር ንጉሥና ከጥቁር ንግሥት ነጭ ልጅ ትወለዳለች። እናቲቱ በዝሙት እንዳትጠረጠር ፈርታ ልጇን ትጥላታለች። ልቦለድ ነው፤ ግን እስቲ አስቡት፤ ሠዓሊው በሰጠው ቀለም ሰበብ አንዲት ሕፃን ከእናቷ ተለየች። የሥዕል ቀለም ከግድግዳው ወርዶ በሰው ሕይወት ውስጥ ይገባል የሚለውን ከዚህ በተሻለ የነገረኝ የለም። የእነ ቲሺያን አንድሮሜዳ ልክ እንደ አረንጓዴው መጥረጊያ ናት፤ ደንብ የላትም፤ «ሰው የሚወደው» ተብሎ የተሠራች ናት። ሃይድሮጅን አረንጓዴ ቢባል አይከፋውም። ሰው ግን ይከፋዋል፤ ስለ ራሱ የሚያስበውንም ይለውጥበታል።

በዚያው በአንድሮሜዳ ክልል ውስጥ የእኛ የሆነ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት የመሰየም ዕድል ሲሰጥ ለኢትዮጵያ የደረሳት ኮከብ እዚያ ነበር። ኮከቡ «ቡና»፣ የሚዞረው ፕላኔት «አቦል» ተባለ። ርቀቱ ወደ 200 የብርሃን ዓመት ይጠጋል፤ በባዶ ዓይን አይታይም፤ በባለ ሁለት ዓይን መነጽር ግን በሮቢት ሰማይ ማግኘት አያቅትም። ወዳጄ በርካታ ሌሊት አንስቶታል። አንድ የቡና ቤት ባለቤት ይህን ሰምቶ ለቤቱ ግድግዳ የሚሆን ትልቅ ሥዕል አዘዘው። ሥዕሉ ሲቀርብለት ግን ፊቱ ተለወጠ።

«ቡና አይደለም እንዴ ስሙ? ለምን ነጭ ሆነ?»

ነገሩ እንዲህ ነው፤ «ቡና» ከፀሐያችን ብዙ የማይለይ ኮከብ ስለሆነ ነጭ የቱ እንደሆነ ለመወሰን ከሚያገለግሉት ዓይነት ነው። እንዲያውም ቡናማ ብርሃን የሚባል ነገር የለም። ቡናማ ማለት በደማቅ ነገር የተከበበ ደብዛዛ ብርቱካንማ ነው፤ በጥቁር ሰማይ ላይ ብቻውን የቆመ ነገር ቡናማ ሊሆን አይችልም። ባለ ቡና ቤቱ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ካዳመጠ በኋላ «ትንሽ ብቻ፣ ጠርዙ ላይ» አለ። እውነቱን ለመናገር ወዳጄ እጁ ወደ ኮምፒውተሩ ሄዶ ነበር፤ ገንዘቡ ያስፈልገዋል፤ ማንም አያውቅበትም። ትንሽ አሰበና ተወው። ከሥዕሉ ግርጌ ስንት ሰዓት እንደተነሳ፣ በየትኞቹ ማጣሪያዎች፣ ነጩ በምን እንደተለካ በሰባት መስመር ጻፈበት። ባለ ቡና ቤቱ ሰባት መስመር ይበዛል ብሎ ወደ አራት አስቀነሰው፤ የቀለሙ መስመር ቀረ። ሥዕሉንም ወሰደ፤ «አንድ ነጭ ነጥብ ናት እኮ» ብሎ ከዋጋው ላይ ጥቂት ካስቀነሰ በኋላ።